እንውጣ ወይስ እንቅር፦ በጅማና በየቡ የሰነበትኩበት ሳምንት

ደብረ ብርሃን ተወልዶ ደብረ ብርሃን ያረጀ ሰው ሙቀት የሚባለውን ነገር የሚያውቀው ከምድጃ አጠገብ ነው። ስድሳ ዓመት ካለፈኝ በኋላ ጅማ ልሄድ ነው ስል ጎረቤቶቼ መጀመሪያ ወባውን ፈሩልኝ፣ ቀጥለው መንገዱን፣ ቀጥለው ዕድሜዬን። ሦስቱንም ፈርተውልኝ ሲያበቁ ቡና እንዳመጣላቸው አዘዙኝ። ይህን የምጽፈው ለእነሱ ነው። ያመጣሁት ቡና አልቋል፣ ወሬው ግን አላለቀም፤ በተገናኘን ቁጥር እየቆራረጥኩ ከምነግራቸው አንድ ጊዜ ከነሥርዓቱ ጽፌው ልገላገል ብዬ ነው።

መጀመሪያ ለምን እንደ ሄድኩ ላስረዳ። በወጣትነቴ የስልክ ኦፕሬተር ነበርኩ። ያኔ ሰው ከከተማ ከተማ የሚነጋገረው በእኛ እጅ አልፎ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ እኔ አለሁ፣ ጅማ ላይ ደግሞ ዘይነባ የምትባል ልጅ አለች። መስመሩ ጭር ሲል እናወራለን፤ እሷ «ደብረ ብርሃን» ትለኛለች፣ እኔም «ጅማ» እላታለሁ። እንዲህ ሳንተያይ ተዋደድን። እሷም በአገሯ እኔም በአገሬ ትዳር ይዘን፣ ልጅ ወልደን፣ ማሽኑ ተለውጦ ወደ ሌላ ሥራ ከተዛወርን በኋላም መደዋወሉን አልተውነውም፤ እኔ ለአረፋ፣ እሷ ለፋሲካ። በዚህ ሁሉ ዘመን ፊቷን ያየሁት በፎቶግራፍ ብቻ ነው።

ባለፈው ጥቅምት ማለቂያ ላይ ደወለችና «አስኩ፣ ቡናው እየተለቀመ ነው፣ አንድ ጊዜ ነይልኝ» አለችኝ። ድምፅዋ ደህና አልነበረም። ሌላው ሰው ፊት አይቶ የሚያውቀውን እኔ ድምፅ ሰምቼ አውቀዋለሁ። ምን ሆንሽ ብላት ምንም አለች። ምንም ያለች ሴት ምን እንዳላት በስልክ አይታወቅም፣ እንግዲህ መሄድ ነው።

ሰኞ

አዲስ አበባ የእህቴ ልጅ ቤት አደርኩ። ስለ አዲስ አበባ የምጽፈው የለኝም፣ ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። ውሃ ጠፍቶ ነበር፤ ልጅቱ በጀሪካን አጠራቅማ ጠበቀችኝ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለእነ ዘይነባ የገዛሁትን ወፍራም የደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ስታይ ሳቀች። ለምን እንደ ሳቀች የገባኝ በማግስቱ ነው።

ማክሰኞ

አውቶቡሱ ጎህ ሲቀድ ወጣ። እስከ ወልቂጤ አገሩ ብዙም አይከፋም፣ እንሰቱን ካልቆጠርን የእኛኑ ይመስላል። ከዚያ በኋላ ነው የሚለየው። ወደ ጊቤ ስንወርድ ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና መውረዱ ትዝ አለኝ፣ ግን ጣርማ በር ላይ ጉም ነው የሚቀበላችሁ፣ ጊቤ ላይ ወበቅ። ሹራቤን አወለቅሁ። ከሹራቡ ሥር ሌላ ሹራብ ነበር፣ ከእሱም ሥር ሌላ። አጠገቤ የተቀመጠች የአጋሮ ነጋዴ «እናቴ፣ ስንት ሆነው ነው የተሳፈሩት?» ብላ የተሳፋሪውን ዓይን ሁሉ አዞረችብኝ።

ሾፌሩ ሬዲዮ ከፍቶ ነበር። እንግሊዝ ከአውሮፓ ኅብረት መውጣቷ በጃት ወይስ ጎዳት እያሉ ሁለት ሰዎች ይከራከራሉ። ትንሽ ቆይቶ አውቶቡሱ በሙሉ ተከራካሪ ሆነ። ግማሹ አገር ማለት የራሱን በር ራሱ የሚከፍትና የሚዘጋ ነው ይላል፣ ግማሹ ብቻውን የቆመን ንፋስ ይጥለዋል ይላል። የአውሮፓን ጉዳይ ከጊቤ ድልድይ እስከ ሰኮሩ አብጠረጠሩት። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ሰው «እኛስ ጋ ይኸው አይደል እንዴ? የየቡ ቡና ማኅበር ከዩኒየኑ ልውጣ ብሎ ቅዳሜ ሊሰበሰብ ነው» ሲል ግን ሁሉም ድምፁን ዝቅ አደረገ። ነጋዴዋ ሰው ስለ ሩቅ አገር ሲሆን ጉሮሮው እንደሚከፈት፣ ስለ ቅርቡ ሲሆን አጠገቡ የተቀመጠውን ሰው አይቶ እንደሚናገር በጆሮዬ ነገረችኝ። እውነቷን ነው። በእኛ አገር መውጣትና መቅረት የሚባሉ ሁለት ቃላት ስለ ቡናም ቢነሱ ሰው ሌላ ነገር ያስባል።

ጅማ መናኸሪያ ስንደርስ ዘይነባን አጣኋት። ሴት ሁሉ ተሸፋፍኗል፣ ሁሉም በእኔ ዕድሜ ነው። አንዲት አጭር ሴት በፊቴ ሁለት ጊዜ አልፋ ሄደች፣ እሷም እኔን አላወቀችኝም። ሲጨንቀኝ እንደ ድሮው በኦፕሬተር ድምፅ «ጅማ! ጅማ!» ብዬ ተጣራሁ። ረዳቶቹ በሙሉ ዞረው አዩኝ። አንድ የባጃጅ ሾፌር ጅማ ላይ ቆሜ ጅማን መጥራቴ ገርሞት ሲስቅ፣ አጭሯ ሴት ባለችበት ቀጥ አለች። «ደብረ ብርሃን» አለች ቀስ ብላ። መንገድ ዘግተን ተላቀስን፣ ሾፌሮቹ ጥሩምባ እየነፉ ለዩን።

ቤታቸው ጊንጆ ጉዱሩ የሚሉት ሰፈር ነው፤ ግቢው ውስጥ አቮካዶው እየወደቀ ይበሰብሳል። እኛ ከገበያ አንዱን ፍሬ አገላብጠን የምንገዛውን እዚያ በግ ይበላዋል። ባሏ ሐጂ ከድር ረጅም፣ ነጭ ጢም ያላቸው፣ ሲናገሩ የማይቸኩሉ ሰው ናቸው። ብርድ ልብሱን ዘርግተው ከዳሰሱ በኋላ «እህቴ፣ ይህን ለብሶ ጅማ የሚያድር ሰው ጠዋት ተቀቅሎ ነው የሚገኘው» አሉ። ቀጥለው ደግሞ እንዳልቀየም ብለው በዚያ ሙቀት ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ተቀመጡ። ላባቸው ሲወርድ እያየሁ ወደድኳቸው።

ራት ሲቀርብ ሁለት ገበታ ሆነ። እኔ ክርስቲያን ስለሆንኩ የእነሱን ሥጋ አልበላምና ዘይነባ ሽሮና ጎመን ለብቻ ሠርታልኝ ነበር። ልጃቸው ዘምዘም ከሥራ ገብታ እጇን ታጠበችና «እትዬ ብቻዋን አትበላም» ብላ ከእኔ ጋር ተቀመጠች። ምን ዓይነት ጨዋ ልጅ ነች ብዬ አደነቅሁ። ዘይነባ ግን ፊቷ ሲወድቅ አየሁ።

ረቡዕ

ጠዋት ዘምዘም የተማረችበትን የዩኒቨርሲቲ ግቢ ላሳይሽ ብላ ወደ ኪቶ ፉርዲሳ በባጃጅ ይዛኝ ሄደች። ዳገቱ መሐል ባጃጁ ትንፋሽ አጥሮት ቆመ። ሾፌሩ በኦሮምኛ ባጃጁን መከረ፣ በአማርኛ ረገመው፣ በመጨረሻ ወርዶ መግፋት ጀመረ። እኔም ልግፋ ብዬ ስወርድ ተማሪዎች እየሮጡ መጥተው መልሰው አስቀመጡኝና ከነባጃጄ እየገፉ በሩ ድረስ አደረሱኝ። እንዲህ ያለ አቀባበል ተምሬ ብመረቅም አላገኘውም።

ዘምዘም የየቡ ማኅበር የቡና ጥራት ተቆጣጣሪ ነች። ከዩኒየኑ እንውጣ የሚሉትን የምትመራው እሷ መሆኗን ያወቅሁት ያን ቀን ነው። ዩኒየን የሚሉት የብዙ መንደር የገበሬ ማኅበራት ተሰባስበው ያቆሙትን፣ ቡናቸውን በአንድነት ወደ ውጭ የሚሸጥላቸውን ነው። ለምን ትወጣላችሁ አልኳት።

«እትዬ፣ እኛ ጥሬዋን ከቀይዋ አንድ በአንድ ነው የምንለየው፤ ወላሂ ዓይናችን ይጠፋል። መጋዘን ሲገባ ግን ከሁሉም ጋር ሚክስ ነው። ከዚያ 'ጅማ' ተብሎ ይወጣል። የቡ የሚባል ስም የትም የለም። ፌር ነው ይሄ?»

እኔ ምን አውቃለሁ። አባትሽስ ምን ይላሉ ስላት ወደ ውጭ እያየች አባቷ አባቷ መሆናቸውን ብቻ ነገረችኝ።

ማታ አሁንም ሁለት ገበታ። ረቡዕ ስለሆነ የእኔ ጾም ነው፣ ዘምዘም አሁንም ከእኔ ጋር። ዕቃ ሲነሳ ዘይነባን ተከትዬ ጓዳ ገባሁና አሁን ንገሪኝ አልኳት። ነገረችኝ። ያንን ዩኒየን ካቋቋሙት ሰዎች አንዱ ሐጂ ናቸው፤ ገበሬው አልገባም ሲል መንደር ለመንደር በእግር እየዞሩ ያስገቡት እሳቸው ናቸው። ልጅቷ እንውጣ ብላ ከተነሳችበት ቀን ጀምሮ አባትና ልጅ ከአንድ ገበታ በልተው አያውቁም። አይጨቃጨቁም፣ አይሰዳደቡም፤ ሰላምታም አልተጓደለም። ብቻ አንዱ ሲቀርብ ሌላው በልቻለሁ ይላል።

«እዚህ አገር እንግዳ ተቀምጦ ገበታ አይለይም፣ ነውር ነው» አለችኝ ዘይነባ። «አስኩ ከመጣች ግድ አንድ ላይ ይቀመጣሉ ብዬ ነው የጠራሁሽ። የአንቺን ጾምና የእኛን ሥጋ ረሳሁት። አሁን ዘምዘም መሸሻ አገኘች።»

ከደብረ ብርሃን ድረስ የተጠራሁት ገበታ እንዳገጣጥም ኖሯል፤ ገበታውን ለሁለት የከፈልኩት ደግሞ እኔው ራሴ። በሳቅ ልሞት ደረስኩ። እሷም ሳቀች፣ ሳቋ ግን ወዲያው ወደ ሌላ ነገር ተለወጠና በሻሽዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። ቅዳሜ ድምፅ ከተሰጠ በኋላ አንዱ ተሸናፊ ይሆናል፣ የተሸነፈው ደግሞ ዕድሜ ልኩን ብቻውን ሊበላ ነው ብላ ነው የምትፈራው። እዚያው ጓዳ ተቃቅፈን ቆየን።

ሐሙስ

ሐጂ የቡን ላሳይዎት ብለው በአሮጌ ፒክአፕ ወሰዱኝ። መንገዱ ወደ አጋሮ የሚወስደው ነው፤ ግራና ቀኙ ትልልቅ ዛፍ፣ ከዛፉ ሥር ቡና። እኛ አገር እርሻ ማለት ሜዳ ነው፣ ገብስህን ከሩቅ ታየዋለህ። እዚህ እርሻው ጫካ ውስጥ ተደብቋል፣ ሰው ድምፁ ይሰማል እንጂ አይታይም። ከዛፉ መሐል አንዲት ለቃሚ በኦሮምኛ ስታዜም ሰማሁና ለሐጂ የስልክ ቤት ድምፅ አላት አልኳቸው።

ማኅበሩ ያለው ከከተማዋ ወጣ ብሎ ነው። የታጠበው ቡና በእንጨትና በወንፊት ሽቦ በተሠራ፣ አልጋ በሚሉት ረጅም መደብ ላይ ተሰጥቶ ይደርቃል። እንደ ወርቅ ነው ቀለሙ። አልጋውን ቀና ብዬ ሳይ እግሬ የቡና ልጣጭ ላይ አረፈና ተንሸራትቼ ቁጭ አልኩ። ሴቶቹ ሥራቸውን ጥለው ሮጠው አነሱኝ፤ አንዷ ቀሚሴን አጠበች፣ ሌላዋ የራሷን አለበሰችኝ። ቀኑን ሙሉ በማላውቃት ሴት ቀሚስ ዞርኩ።

ሐጂ የእርጥብ ቡና ጠላቱ ዝናብ መሆኑን አስረዱኝ። ዝናብ ሲመጣ እዚያ ያለ ሰው ሁሉ፣ ሠራተኛም ይሁን እንግዳ፣ ላስቲክ ይዞ በቅርብ ያገኘውን አልጋ ይሸፍናል። የማን ቡና ነው ብሎ መጠየቅ የለም፤ የተጣላ ሰውም ቢሆን ከጠላቱ ጋር የአንዱን ላስቲክ ጫፍና ጫፍ ይይዛል። ስለ ዩኒየኑ ስጠይቃቸው ግን በአጭሩ ነው የመለሱልኝ። ብቻውን የቆመ ማኅበር በደህና ቀን ስሙ ይጠራለታል፣ በክፉ ቀን ግን የሚጠራው ሰው ያጣል አሉ። ስለ ዘምዘም ምንም አላሉም። ከርቀት ቡና ስታገላብጥ ግን ዓይናቸው ከእሷ አልተነሳም።

አርብ

ዘይነባ ዛሬ ሁላችንም የጾም ነው የምንበላው ብላ አንድ ትልቅ ገበታ ሽሮ አዘጋጀች። ደስ ብሎን ጠበቅን። ሐጂ ከጁምዓ ሶላት በዚያው ሰው ጋብዟቸው ቀሩ። ዘምዘም እናቷን አይታ ብዙ በላች።

ቅዳሜ

ስብሰባው አልጋዎቹ አጠገብ፣ ትልቅ ዋርካ ሥር ነበር። እንውጣ የሚሉት በአንድ ወገን፣ እንቅር የሚሉት በሌላ ወገን፣ ማንም ሳያዛቸው ራሳቸው ተለይተው ተቀመጡ። እኔና ዘይነባ መሐል ሆንን። ሐጂ የማኅበሩ ሊቀ መንበር ናቸው፣ ግን ተከራካሪ ስለሆኑ መድረኩን ለጸሐፊው ለቀቁ። ሰው በኦሮምኛ ይጀምርና በአማርኛ ይጨርሳል፣ ወይም በተገላቢጦሽ፤ ያመለጠኝን ዘይነባ ትተረጉምልኛለች።

ዘምዘም አጠር አድርጋ ተናገረች። ስለ ስሙ፣ ስለ መደባለቁ ረቡዕ የነገረችኝን ለሕዝቡ ደገመችና መጨረሻ ላይ «ዩኒየኑን ጠልተን አይደለም» አለች። «ልጅ አድጎ ከቤት ሲወጣ ወላጁን ጠልቶ ነው እንዴ?» ከወዲያኛው ወገን አንድ ሽማግሌ ተነስተው ልጅ ከቤት ሲወጣ ይመረቃል እንጂ እጅ እየቆጠረ አይወጣም ሲሉ ሕዝቡ ተንጫጫ። አንድ ወጣት እንግሊዝን የሚያህል አገር ወጥቶ የለም ወይ ብሎ ጮኸ። ሽማግሌው ተረጋግተው «ልጄ፣ እንግሊዝ ቡና ታበቅላለች?» አሉት። እዚህ ላይ ሁለቱም ወገን አንድ ላይ ሳቀ።

ሐጂ መጨረሻ ላይ ተነሱ። አንድ ዘመን የቡና መፈልፈያቸው በለቀማው መሐል ተሰብሮ እሸቱ ሊበላሽ ሲል፣ በዩኒየኑ ያሉ ሌሎች መንደሮች በበቅሎም በመኪናም መጥተው እሸቱን ወስደው በየራሳቸው ማጠቢያ እንዳጠቡላቸው ተረኩ። የራሳቸውን ቡና ወረፋ አስይዘው የየቡን አስቀደሙ። እንውጣ ከሚሉት በኩል ያሉ ሽማግሌዎች አንገታቸውን መነቅነቅ ጀመሩ፤ ያን ቀን ራሳቸው ያዩት ነዋ። ድምፅ አውቃለሁ ብያችሁ የለ፤ ሕዝቡ ወደ ሐጂ እያዘነበለ ነበር። ዘምዘምም አውቃለች፤ ጣቶቿን አጣምራ መሬት ታይ ነበር።

«እንግዲህ ከዚህ ሁሉ በኋላ ልላችሁ የምፈልገው አንድ ነገር ነው» አሉ ሐጂ። ከዚያ ቀና አሉ። እኛ ጀርባችንን ለተራራው ሰጥተናል፣ እሳቸው ግን ፊት ለፊት ያዩታል።

«ቦካ!» አሉ። ዝናብ ማለት ነው። ማይኩን ወንበሩ ላይ ጣሉና በዚያ ዕድሜያቸው ሮጡ።

ያንን ስብሰባ ብታዩት። ወንበሩ ተገለባበጠ፣ ጫማ ቀረ፣ ሻሽ ቀረ። እንውጣውም እንቅሩም ላስቲክ እየጎተተ በየአልጋው ተበተነ። እኔ ከማን ጋር እንደ ያዝኩ አላውቅም፤ ሰውየው በኦሮምኛ ሳቢ ይለኛል መሰለኝ፣ እኔም እስባለሁ። ዝናቡ ሲያባራ ማንም ደረቅ ሰው አልነበረም። ቡናው ግን አንዲት ፍሬ አልረጠበችም። ሰው ተመልሶ ሲቀመጥ ወገን የሚባለው ነገር ጠፍቷል፤ ወንበር ያገኘ ባገኘው ላይ ተቀመጠ፣ ያላገኘ ቆመ።

ጸሐፊው ሰዉ በርዶታልና በቀጥታ ወደ ድምፅ እንሂድ አለ። ዘምዘም እጇን አወጣች።

«አባባ ንግግራቸውን አልጨረሱም» አለች። «እሳቸው ሳይጨርሱ እኔ ድምፅ አልሰጥም።»

ከራሷ ሰዎች ጉምጉምታ ተነሳ። ንግግሩ እንደ ተቋረጠ ብትተወው የሚያሸንፉት ነገር ነበር፣ አሁን በገዛ እጇ ልትበትነው ነው። ሐጂ ፊታቸውን በሻርፓቸው እየጠረጉ ቆዩ። ልጃቸውን አዩዋት፣ እኔ ከመጣሁ ጀምሮ ፊት ለፊት ሲያዩዋት ሳይ የመጀመሪያዬ ነው።

«ጨርሻለሁ ልጄ» አሉ። «ቡናው አልረጠበም፣ ለእኔ ይበቃኛል። እጃችሁን አውጡ።»

በጥቂት እጅ እንውጣ አሸነፈ። ዘምዘም እጇን ያወጣችው ከሁሉም መጨረሻ ነው፤ ግን አወጣች። ማንም አላጨበጨበም።

በዚያ አገር ስብሰባ የወሰነውን የመጨረሻ ቃል አድርጎ በዱኣ የሚዘጋው አንጋፋው ነው፣ አንጋፋው ደግሞ ሐጂ ናቸው። ሰው ሁሉ መዳፉን ዘርግቶ ጠበቃቸው። ተሸንፎ ወዲያው ያሸነፈውን መመረቅ እንዴት ያለ ነገር እንደሆነ አስቡት። ግማሹን በዓረብኛ ግማሹን በኦሮምኛ መረቁ። ዘይነባ በጆሮዬ ተረጎመችልኝ፤ የሚወጡትን በሰላም አስወጣቸው፣ የሚቀሩትን በሰላም አኑራቸው፣ በመንገድ ሲገናኙ ፊታቸውን አታዙርባቸው። አሚን ስትል ድምፅዋ ተሰበረ። እኔም አሚን አልኩ።

ከዚያ ዩኒየኑ ዘንድ ሄዶ የሚነግር ማን ይሁን ሲባል ያ ሁሉ ተናጋሪ የጠፋ ጫማውን መፈለግ ጀመረ። ሐጂ በበር የገባ በበር ነው የሚወጣው፣ ያስገባኋችሁ እኔ ነኝ፣ እኔ እነግራለሁ አሉ። ቀጥለው ዘምዘም አብራኝ ትሂድ አሉና ወደ መኪናቸው ሄዱ። እስከ ጅማ እኔ መሐል ተቀምጬ በአባትና በልጅ መካከል እንደ ኬላ ሆንኩ።

እሑድ

ሐጂ ቤተ ክርስቲያን ላድርስዎት ብለው ወሰዱኝ፣ ቅዳሴው እስኪያልቅ በሩ ላይ ሙስበሓ የሚሉትን መቁጠሪያቸውን እየቆጠሩ ጠበቁኝ። እኛ ሰፈር ለእንግዳ ይህን የሚያደርግ ሰው ብፈልግ ማንን እንደማገኝ እንጃ። በመንገድ ላይ ትናንት ዝናቡ ያቋረጠው አንዱ ነገር ምን ነበር ብዬ ጠየቅኋቸው። ዝናቡ ሲመጣ ከአፌ ጠፋ አሉኝ። አላመንኳቸውም፣ ደግሜ ግን አልጠየቅኋቸውም።

ሰኞ

እኔ የመመለሻ ትኬት ልቆርጥ፣ እነሱ ወደ ዩኒየኑ ቢሮ፣ ዘይነባም ቤት ብቀር ሐሳብ ይገድለኛል ብላ ሁላችንም በአንድ መኪና ወጣን። ዩኒየኑን የሚመሩት አቶ መኮንን የሚባሉ ሰው ናቸው፤ ከሐጂ ጋር ያኔ መንደር ለመንደር አብረው የዞሩ። ወሬው ቀድሞን ደርሷል። ቢሮው ስንገባ ተነስተው ቆሙ እንጂ መቀመጫ ማቅረብ እንኳ ረሱ። ሐጂ በወጉ ሰላምታ ሰጡ፣ የማኅበሩን ውሳኔ በአጭሩ ተናገሩ፣ ለኖሩበት ዘመን አመሰገኑ። ድምፃቸው አልተንቀጠቀጠም።

«ማን አሳመናቸው ሐጂ?» አሉ አቶ መኮንን። «እርስዎ እያሉ።»

ዘምዘም በሩ አጠገብ እንደ ጥፋተኛ ቆማ ነበር። ሐጂ ዞረው እጃቸውን ትከሻዋ ላይ አደረጉና ወደ ፊት አቀረቧት።

«ይቺ ልጄ ናት» አሉ። «አሸነፈችኝ።»

እኔ በስልክ ስንት አባት ስለ ልጁ ሲናገር ሰምቻለሁ፤ መስማት ክልክል ቢሆንም ሰምቻለሁ። በዚያ ድምፅ ልጄ ያለ አባት ሰምቼ አላውቅም። አሸናፊዋ ልጅ አባቷ ደረት ላይ ፊቷን ደብቃ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀች። ሐጂ አይዞሽ እያሉ፣ ቡናሽን አሁን እናያለን፣ ስሙን በደንብ አስጠሪው ይሏታል። አቶ መኮንን የረሱትን ወንበር አቀረቡና ከዩኒየኑ የወጣ ሰው ምሳ ሳይበላ ከግቢዬ አይወጣም አሉ።

ግቢው ውስጥ ለሠራተኞች ምግብ የምትሠራ ሴት አለች። አቶ መኮንንና እኔ ክርስቲያን፣ እነሱ ሙስሊም፤ ሥጋው ለየብቻ ሊሆን ነው። ምን ልሥራ ብላ ስትጠይቅ ሐጂ ሳያስቡ በየዓይነቱ አሏት፣ በአንድ ትሪ። ጎመኑ፣ ምስሩ፣ ሽሮው ተደርድሮ መጣ። ውሃ ዞረ። ሐጂ ቢስሚላህ ብለው ቆረሱ፣ ዘምዘምም ዓይኗ ገና እንዳበጠ ከአጠገባቸው ቆረሰች፣ ምስሩ ላይ እጅ ለእጅ ተጋጩና ሁለቱም ወደ ኋላ አሉ፣ አባትየው ቅደሚ አሏት።

ዘይነባን ብይ እንጂ አልኳት።

«ጠግቤአለሁ» አለችኝ፣ እጇን ገና ሳትታጠብ።